ዲግሪ ይዛ ዜሮ ክፍል

«ከሕፃናት ጋር ለመዋል ዲግሪ ምን ያደርግልሻል?»

ጥያቄውን ያነሡት የአንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ባለቤት ናቸው። የተጠየቀችው በዚያው ግቢ ስንቱን ሕፃን እንባውን ጠርጋ፣ የጫማውን ክር አስራ፣ ፊደል አስቆጥራ ለአንደኛ ክፍል ያበቃች መምህርት ናት። በሠርተፊኬት ጀምራ፣ ክረምት ከክረምት ተምራ ዲፕሎማዋን ይዛለች። አሁን ዲግሪዋን በቅዳሜና እሑድ ልትቀጥል ፈልጋ፣ ቅዳሜ ጠዋት ካለው የማጠናከሪያ ትምህርት እንድትቀር ፈቃድ ልትጠይቅ ነበር የገባችው። (የአራት ዓመት ልጅ ማጠናከሪያ ምኑን እንደሚያጠናክር እኔም አልገባኝም፤ ለሌላ ሳምንት ይቆየን።) ስሟን አልጠራም። ለሀዋሳ ሰው ግን እንግዳ አይደለችም፤ እሷን የመሰለች የሌለችበት ሰፈር የለንም። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏታል፣ ወላጆቹ «ቲቸር» ይሏታል፣ ባለ ጉሊቷም «ቲቸር» ብላ ነው ቲማቲም የምትመርቅላት።

ስትነግረኝ የጠበቅኩት ንዴት ነበር። እሷ ግን ሳቅ አለችና፣ «ጋሼ፣ እውነታቸውን እኮ ነው። ዲግሪ ይዛ ሕፃናት ጋ የቀረች ጓደኛ አለችኝ እንዴ?» አለችኝ። ፈቃዱን ሰጥተዋታል፤ የቅዳሜውን ከደመወዟ ቆርጠው።

የመዋዕለ ሕፃናቱን ባለቤት ክፉ ሰው ብዬ ልገላገል እችል ነበር። ግን ሴትየዋ የተናገሩት እኛ ሁላችን የምንሠራበትን ሒሳብ ነው። በዚህ አገር የመምህር ማዕረግ የሚለካው በተማሪው ቁመት ነው። ተማሪው ባጠረ ቁጥር የአስተማሪው ወረቀትም፣ ደመወዝም፣ መከበርም ያጥራል። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለመዋዕለ ሕፃናትና ለአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ እርከን ሠርተፊኬት፣ ለሁለተኛው እርከን ዲፕሎማ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ዲግሪ ተባለ። ከዚያ ወዲህ መስፈርቶቹ ከፍ ከፍ ብለዋል፤ ሠርተፊኬቱ ዲፕሎማ፣ ዲግሪው ማስተርስ ሆኗል። የሰልፉ ቅደም ተከተል ግን ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ አንዲት የሕፃናት መምህርት ለፍታ አንድ ወረቀት በጨመረች ቁጥር ሥርዓቱ «ጎሽ!» ይልና ረዘም ወዳሉት ልጆች ያሻግራታል። ዲፕሎማ ስትይዝ ወደ ሦስተኛ ክፍል፣ ዲግሪ ስትይዝ ወደ ሰባተኛ ክፍል፣ ከዚያ ምክትል ርዕሰ መምህርት፣ ከዚያ ክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ወንበር። በተወችው ዜሮ ክፍል፣ ከአንደኛ ክፍል በፊት ባለው፣ የምትገባው ደግሞ ትናንት ከኮሌጅ የወጣች፣ ሠላሳ ሕፃን አንድ ላይ ሲያለቅስ ሰምታ የማታውቅ ልጅ ናት። እሷም ስትለምድ ትሄዳለች።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ልምድ ያላት የሕፃናት መምህርት ዲግሪዋን ትቀጥል፤ ዲግሪውንም ይዛ እዚያው ዜሮ ክፍል ትቅር፣ የዲግሪውንም ደመወዝ እዚያው ትብላ። በመጀመሪያው ሐረግ የማይስማማ ብዙ ሰው የለም። ጠቡ ያለው በተቀሩት ሁለቱ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ መዋዕለ ሕፃናት ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ከድሬዳዋ ይጀመራል፤ በ1898 እ.ኤ.አ. ለባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ፈረንሳውያን ልጆች የተከፈተ ነው እየተባለ። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ነው፤ ከተማዋም የባቡሩ ልጅ ናት። ከሐዲዱ የቀደመው መዋዕለ ሕፃናት ምን ላይ ቆሞ እንደነበር የጠየቀ ጸሐፊ ግን አላጋጠመኝም፤ አንዱ ካንዱ እየገለበጠ እዚህ ደርሰናል። ዓመቱ ምንም ይሁን፣ ነገሩ የተጀመረው በውጭ ሰው ልጅና መክፈል በሚችል ወላጅ መሆኑ አያጠራጥርም። በደርግ ዘመን የሕፃናት ኮሚሽን ተቋቁሞ መዋዕለ ሕፃናት እስከ ቀበሌ ወርዶ ነበር። ከ1986 በኋላ መንግሥት አንደኛ ደረጃ ላይ ሲረባረብ፣ ትንንሾቹ ለግል ባለሀብት፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለእርዳታ ድርጅቶች ተተዉ። እስከ 2002 ድረስ በዚሁ ቀጠለ። በዚያ ዓመት የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ፤ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱም ዜሮ ክፍል ይከፈት ጀመር።

ከዚያ የሆነው ጎርፍ ነው። በ2003 ከመቶ 5 አካባቢ የነበረው የቅድመ አንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ በ2007 ወደ 40 ተጠጋ። በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሕፃን ክፍል ሲገባ ፊቱ የቆመችው ማን ናት? የተገኘችው ናት። አንዷ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ነጥብ ያልመጣላት፣ አንዷ በሞግዚትነት ተቀጥራ ዋናዋ ስትለቅ ቾክ የተሰጣት፣ አንዷ ከአንደኛ ክፍል «ድምፅሽ ለሕፃናት ይሆናል» ተብላ የተዛወረች። እነዚያ የተገኙ ሴቶች ዛሬ አሥር ዓመት ዘለዋል። ጎርፉን ተሸክመው ያሻገሩት እነሱ ናቸው፤ አሁን በየኮሌጁ ሬጅስትራር መስኮት ቆመው «ልቀጥል» የሚሉትም እነሱው ናቸው። በ2015 የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት መደበኛ እርከን አድርጎታል። እርከኑን የሚያቆመው ሰው ግን ከሰማይ አይወርድም፤ አለ፣ እዚሁ አለ፣ ፈቃድ እየለመነ ነው።

እነዚህ ሴቶች ምን ያውቃሉ? ብዙ ሰው የሚመልሰው «ልጅ መያዝ ያውቃሉ» ብሎ ነው። እስቲ ፊደል ማስቆጠርን ብቻ እንየው። 33 በ7፣ 231 ፊደል። ሕፃኑ «ሀ ሁ ሂ» ብሎ በዜማ እስከ «ፖ» ሲወርድ የወላጅ ልብ ይሞላል፤ ቀርጾ ለአያት ይልካል። የኔታ ግን በዚህ አይታለሉም ነበር። በቃሉ ሸምድዶ የሚያዜመውን ልጅ ፊደሏን አይቶ ከሚያነበው የሚለይላቸው አቡጊዳ አላቸው። ተራው ይፋለሳል፤ «አ ቡ ጊ ዳ» ሲባል ዜማው አይደርስለትም፣ የግድ ዓይኑን ገበታው ላይ ማሳረፍ አለበት። ከዚያ ቁጥር ንባብ አለ፣ እያንዳንዷን ፊደል ነጥሎ መጥራት፤ ማያያዝ የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው። ዘመናት ያስቆጠረ የንባብ ማስተማሪያ ዘዴ ነው። ቲቸርም ይህንኑ ማንም ሳያዛት ታደርገዋለች፦ የፊደል ካርዶቹን ትበውዛለች፣ ከመሐል ትጠይቃለች፣ «የስምህ መጀመሪያ የቷ ናት? ሂድና አምጣልኝ» ትላለች። ያን ሁሉ የምታደርገው በእጇ ነው፤ ለምን እንደሚሠራ ግን ለአለቃዋም ለወላጅም ማስረዳት አትችልም። ወላጁ መጥቶ «ልጄ እስካሁን እስከ ‹ፖ› አልወረደም፣ የጎረቤት ልጅ ወርዷል» ሲላት አንገቷን ደፍታ ታዜማለች። ዲግሪ ቢያንስ እዚህ ላይ አንገቷን ቀና ያደርገዋል።

ሌላ። ሁለት ሕፃናት አምባሻ ይካፈላሉ። አንዱ «የሱ ይበልጣል» ብሎ ያለቅሳል። ቲቸር የአልቃሻውን ቁራሽ ተቀብላ ለሁለት ትገምስለታለች። አሁን ሁለት አለው፤ ጓደኛው አንድ። እንባውን ጠርጎ በኩራት ይበላል። ዣን ፒያዤ የሚባለው ስዊዘርላንዳዊ ሊቅ ውሃን ከአጭር ብርጭቆ ወደ ቀጭን ረዥም ብርጭቆ እየገለበጠ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ቅርጽና ቁጥር ሲለወጥ መጠኑም የተለወጠ ይመስለዋል። የሃያ ዓመት ተማሪ ፒያዤን ለፈተና ይሸመድደዋል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል። ይቺ ሴት ገጹን ስትገልጥ የሚታያት ልጁ ነው፤ ስሙ፣ የለበሰው ሹራብ፣ የአምባሻው ፍርፋሪ ሳይቀር። ለዚህ ነው የመምህራን ማሠልጠኛ ሰዎች የበሰለ ተማሪ ሲያገኙ ክፍሉ ሌላ መልክ ይይዛል የሚሉት። መጽሐፉ የሚገልጸውን ነገር ሺህ ጊዜ አይታዋለች፤ የቀራት ማሰሪያው ነው።

ይህን ስል ግን ልምድን እያመለክኩ አይደለም። ልምድም ዓይን ይጋርዳል። በእኛ ባህል ዝም ያለ ሕፃን ጨዋ ነው። ጥጉን ይዞ የሚቀመጥ፣ የማይጠይቅ፣ የማይጮህ ልጅ ይመሰገናል፤ ከሠላሳ ሕፃን ጋር ለምትታገል መምህርትማ በረከት ነው። ዓመት በጨመረች ቁጥር ይህ እምነት ይጠነክርባታል እንጂ አይላላም፤ ዝምተኛው አንድም ቀን አላስቸገራትማ። ያ ዝምታ ግን ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ጆሮው በደንብ አይሰማ ይሆናል። ቤት ውስጥ ቁንጥጫ በዝቶበት ይሆናል። ወይም ደግሞ፣ ሀዋሳ ላይ ይህ የዕለት ተዕለት ነገር ነው፣ መምህርቷ የምትናገረውን ቋንቋ አያውቅም። የክልል መቀመጫ ናት፣ የንግድ መንገድ ናት፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2008 ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ከወላይታም ከከምባታም ከሀዲያም ወጣት እናት የምትጎርፍባት ከተማ ናት። በአንድ ምንጣፍ ላይ አማርኛ፣ ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛና ኦሮምኛ አብረው ይቀመጣሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሀዋሳ ዜሮ ክፍል ከብዙ ከተሞች የሚከብደው በዚህ ነው። ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በዚያ አጻጻፍ «ሲ» የምንላት ፊደል የ«ጭ»ን ድምፅ፣ «ኤክስ» የምንላት ደግሞ የ«ጥ»ን ድምፅ ትወክላለች። ደወል ተደውሎ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሲገባ ያቺው «ሲ» «ከ» ትሆናለች፤ ሌላ ቃል ላይ ደግሞ «ሰ»። ከዚያ በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ የግዕዝ ፊደል ተቆጥሯል። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ በአንድ ጠዋት ሁለት ዓይነት ጽሕፈትና ለአንዲት ፊደል ሁለት ሦስት ድምፅ ይጋታል። የቱ ይቅደም? በስንት ወር ልዩነት? በጆሮ የሚደረግ የድምፅ ጨዋታ ስንት ሳምንት ይቅደመው? ይህን ልምድ ብቻውን አይመልሰውም፤ የንባብን ሳይንስ ማወቅ ይጠይቃል። አዲስ ተመራቂ ብቻውንም አይመልሰውም፤ ሲዳማ ቤት ያደገች ሕፃን ቾኳን ስትይዝ ምን እንደምትል ሰምቶ አያውቅም። ሁለቱን አንድ ራስ ውስጥ የያዘ ሰው ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ሰው በዚህ ከተማ የሚፈጠረው ከነዚህ ሴቶች ነው።

አሁን ለተቃዋሚዬ መሣሪያ ላቀብለው። በ2007 እ.ኤ.አ. ዳያን ኧርሊ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ የተካሄዱ ሰባት ትልልቅ የቅድመ ትምህርት ጥናቶችን መልሰው መረመሩ። መምህርቷ ዲግሪ መያዟ ብቻውን ከክፍሉ ጥራትም ሆነ ከልጆቹ ውጤት ጋር ይህ ነው የሚባል የጸና ግንኙነት አልታየበትም። «ይኸው!» የሚል ባለቤት ይኖራል። በሌላ ወገን ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ወደ 3,000 ሕፃናትን የተከተለው ጥናት ከፍ ያለ ሙያዊ ትምህርት ያላቸው፣ በተለይም የሠለጠነ መምህር የሚመራቸው ተቋማት ጥራታቸው የተሻለ ሆኖ አግኝቷል። የሁለቱን ጠብ እኔ አልዳኝም። ግን ሁሉም የሚጠቅሰውን የፔሪ ጥናት ሰዎች ሲያነሡ አንድ ነገር ዘለው ያልፋሉ። ከ1962 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ሚሺጋን ውስጥ በ123 የድሃ ቤተሰብ ልጆች ላይ የተደረገ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ልጆቹን አርባ ዓመት እስኪሞላቸው ተከታትለው፣ መዋዕለ ሕፃናቱን ባገኙትና ባላገኙት መካከል ከትምህርት፣ ከገቢና ከወንጀል አንጻር ያለውን ልዩነት አሳይተዋል። እዚያ ያስተማሩት ዲግሪና የማስተማር ፈቃድ ያላቸው ነበሩ፣ አንዷ መምህርት የምትይዘው ጥቂት ልጅ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት እየሄዱ እናቶችን ያገኙ ነበር። ደመወዛቸውም ከአካባቢው የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን 10 በመቶ ይበልጥ ነበር። ይበልጥ ነበር! እኛ የፔሪን ውጤት እንፈልጋለን፤ ደመወዙን ግን ስንሰማ ጆሯችን ይደፈናል።

እንግዲህ ዲግሪ ሁሉ አንድ አይደለም። በየካምፓሱ በር አካባቢ ያሉትን የፎቶ ኮፒ ቤቶች ያየ ሰው የምለው ይገባዋል፤ «ፕሮፖዛል፣ ሪሰርች፣ አሳይመንት እንሠራለን» የሚል ወረቀት በር ላይ ተለጥፏል። ሠላሳ ሕፃን ስታባብል የዋለች፣ ማታ እንጀራ ጋግራ ልጆቿን ያስተኛች ሴት፣ መብራት ሲመጣ ሞጁል ገልጣ የምትጀምር ሴት፣ ያ ወረቀት እንደማይፈትናት አድርጌ ልጽፍ አልችልም። በገንዘብ ከተሠራ ጥናት የሚገኝ ዲግሪ ግን ለሕፃናቱ ምንም አያመጣም፤ የኧርሊ ጥናት ያገኘው ባዶ ውጤት ሀዋሳም ላይ ይደገማል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ነው። በመጀመሪያው ዙር ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ያለፉት ከአምስት አንድ እንኳ አልሞሉም። ገንዘቧን ከእቁብ አውጥታ፣ ቅዳሜ እሑዷን ሠውታ፣ መጨረሻ ላይ ያለ ዲግሪ የምትቀር እናት ብዙ ነገር ነው የምትከስረው። ስለዚህ የት እንደምትማር ስትመርጥ ከቤቷ ያለው ርቀትና የወር ክፍያው ብቻ አይበቃም፤ ተቋሙ በመውጫ ፈተና ስንቱን እንዳሳለፈ ጠይቃ ትግባ። የሚያኮራ ነገር ካለው ሳይደብቅ ይነግራታል።

የትምህርት መስኩም ጉዳይ አለ። ብዙዎቹ የሚገቡት የተገኘው ትምህርት ክፍል ነው። ማኔጅመንት፣ አካውንቲንግ፣ የትምህርት አስተዳደርና ዕቅድ። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ግልጽ ነው፤ እነዚህ መውጫ በሮች ናቸው። በሕፃናት ትምህርት ዲግሪ ይዞ የት ይደረሳል? ዜሮ ክፍል ይደረሳል። ዜሮ ክፍል ደግሞ የሚከፍለው የዜሮ ክፍል ነው።

አንድ የሰማሁት ነገር አሁንም ያስቀኛል፤ ሊያስቀኝ አይገባም ነበር። ሕፃናት በማስተማር የኖረች መምህርት ለትምህርቷ የተግባር ልምምድ ማድረግ ግዴታዋ ሆነ። የራሷን ክፍል ለረዳቷ ትታ፣ ሌላ መዋዕለ ሕፃናት ሄዳ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ማስተማር የጀመረች ልጅ እንዴት እንደምታስተምር ማስታወሻ ያዘች። በልምምዱ ማብቂያ አስተማሪዋ ልጅ፣ «እትዬ፣ ሲያለቅሱ ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀቻት አሉ። የሥራ ልምዷን ለመመዘን ግን ዩኒቨርሲቲው የሚሞላው ቅጽ አልነበረውም።

ይህ ነገር ሊቀር የሚችል ነው፤ ለዚያውም ከውጭ የምንበደረው አይደለም። አንድ መካኒክ ጋራዥ ውስጥ እጁን ዘይት ውስጥ እየነከረ ቢማር፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ባይረግጥም፣ ሲኦሲ ቀርቦ ይፈተናል፤ ከቻለ ብቃቱ ይመሰከርለታል። የቴክኒክና ሙያ ሥርዓታችን ለዚህ በር ከፍቷል። ለምግብ አብሳይና ለኤሌክትሪሻን የተፈቀደው ለሕፃናት መምህርት የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ይዘጋል። ክፍሏ ውስጥ ገብቶ አይቶ፣ የያዘችውን የልጆች ማስታወሻ መርምሮ፣ ጠይቆ፣ «የልምምዱን ኮርስ አልፈሻል» ማለት ምን ይከብዳል? የውጭ ምሳሌም ካስፈለገ፣ እንግሊዞች በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፋውንዴሽን ዲግሪ የሚባል ነገር አመጡ፦ ሠራተኛዋ ከሥራዋ ሳትለቅ ሁለት ዓመት ትማራለች፣ የክፍሏ ሥራ ራሱ ይታረምላታል፣ ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ ጨምራ ሙሉ ዲግሪ ታደርሰዋለች። ፊንላንዶች ደግሞ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ሥልጠናን ጠቅልለው ዩኒቨርሲቲ አስገቡት፤ እዚያ ስለ ሕፃናት መምህርት ዲግሪ አስፈላጊነት የሚከራከር ሰው እንደ እብድ ይታያል። ሀዋሳ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲም ያላት ከተማ ናት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በባጃጅ ይደረሳል። የዲፕሎማ ኮርሷ እዚያ ተቆጥሮላት፣ ልምዷ ተመዝኖ፣ በሁለት ሦስት ዓመት የምትጨርስበትን መንገድ ለመዘርጋት የሁለቱ ተቋማት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ይበቃል።

ገንዘቡ ግን ጠረጴዛ ዙሪያ አያልቅም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ ጀማሪ ባለ ዲግሪ 11,500 ብር እንደሚያገኝ ተነግሯል። የመንግሥት ዜሮ ክፍል መምህርት ዲግሪዋን ብትይዝ ይህን ታገኛለች ወይ የሚለው በአንድ ነገር ይወሰናል፣ እሱም መደቡ ነው። መደቡ ላይ የተጻፈው ዲፕሎማ ከሆነ ዲግሪዋን ቤቷ ሰቅላ የዲፕሎማ ትበላለች፤ ወይም ዲግሪ የሚጠይቅ መደብ ወዳለበት ትሄዳለች። ማንም በክፋት አላባረራትም፤ የሰው ኃይል ቅጹ ነው ያባረራት። በግሉ በኩል ደግሞ ስኬል የሚባል ነገር የለም፣ የባለቤቱ ልብ ነው። ለነሱም ሒሳቡን ልሥራላቸው። የቤት ኪራይ አለባቸው፣ ወላጅ ክፍያ ሲጨመር ልጁን ይዞ ከአጠገባቸው ወዳለው ይሄዳል፣ አስተምረው ያበቋት መምህርት ደግሞ ዲግሪዋን ይዛ በማግሥቱ ትለቃለች። ፍርሃታቸው እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን የቅዳሜን ደመወዝ መቁረጥ አይደለም። ግማሽ ክፍያዋን ችለው፣ ከተመረቀች በኋላ የተወሰነ ዓመት እንድታገለግል ውል ቢያስሩ፣ ጭማሪውንም ከወዲሁ ውሉ ላይ ቢያሰፍሩ፣ ማን ነው የሚጎዳው? መንግሥት ላስተማራቸው ሠራተኞቹ ሲያደርገው የኖረው ነገር ነው።

ወላጆችስ? እኛማ ጥፋታችን ብዙ ነው። የምንመዘግብበትን ትምህርት ቤት የምንመርጠው በግድግዳው ሥዕል፣ በዥዋዥዌው ብዛት፣ በእንግሊዝኛው ነው። ልጃችንን ሙሉ ቀን የምትይዘውን ሴት ስንት ዓመት እንደቆየች፣ ምን እንደተማረች ጠይቆ የተመዘገበ ወላጅ ስንቱ ነው? በነሐሴ ለምዝገባ ስትሄዱ ሁለቱን ጠይቁ። መልሱ «ሁሉም አዲስ ናቸው፣ ወጣት ናቸው፣ ንቁ ናቸው» ከሆነ የቀድሞዎቹ ወዴት ሄዱ በሉ።

ለከተማው ትምህርት መምሪያ የማቀርበው ግን ከዚህ ያነሰና የተቆረጠ ነገር ነው። ከከተማዋ ስምንት ክፍለ ከተሞች በአንዷ፣ በእያንዳንዱ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዜሮ ክፍል አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ዲግሪ የሚጠይቅ መደብ ይከፈት፤ በሕፃናት ትምህርት የተመረቀችና ክፍል ውስጥ ዓመታት የቆየች መምህርት ትወዳደርበት፣ የተቀሩትን የዜሮ ክፍል መምህራንም እሷ ትምራ። የትኛዋ ክፍለ ከተማ ትሁን ከተባለ እኔ ሀዌላ ቱላን እመርጣለሁ። የገጠር ቀበሌዎቹ እዚያ ናቸው፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ሲዳሙ አፎ ብቻ ይዘው ይመጣሉ፣ ከአማርኛውም ከእንግሊዝኛውም ጋር የሚተዋወቁት ዜሮ ክፍል ላይ ነው። ለመጓጓዣ አበል የሚሆን ትንሽ በጀት ይጨመርበት፤ ከመሐል ከተማ የምትሄደዋ መምህርት የባጃጁን ከኪሷ ልትከፍል አይገባም።